ከእህቴ ወንበር አጠገብ ያየሁት ዓመት

የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አራት በገባ በሁለተኛው ሳምንት የታላቅ እህቴ ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ። ነገሩ ድንገት የመጣ አልነበረም፤ ሐኪሟ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ስለ ደም ግፊቷ ሲያስጠነቅቃት ኖሯል። እሷ ግን ዳላስ ፎርትዎርዝ ኤርፖርት ውስጥ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች የምትውል ሰው ስለነበረች፣ የእግሯን እብጠት ከሥራ ብዛት ነው ብላ ታልፈው ነበር። አንድ ጠዋት ጫማዋ አልገባ አላት። ከዚያ ወዲህ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የእጥበት ቀናችን ሆነ።

"ቀናችን" የምለው እኔም አብሬያት ስለምውል ነው። የምተዳደረው በመኪናዬ ተሳፋሪ በማመላለስ ስለሆነ በሰዓቴ የማዝበት ራሴ ነኝ። ሜስኪት ካለው ቤታችን ወደ ዳላስ አደርሳታለሁ፤ የኩላሊት እጥበት ማዕከሉ ደጅ ፓርክ አደርግና ይዣት እገባለሁ። ሁለቱን መርፌዎች ክንዷ ላይ ሲሰኩ ፊቷን ወደኔ ታዞራለች፤ ደሟ በቱቦ ወጥቶ ማሽኑ ውስጥ ይዞርና ተመልሶ ይገባል። ከእያንዳንዱ ወንበር በላይ ትንሽ ቴሌቪዥን ተንጠልጥሏል። ያን ዓመት ዓለም ላይ የሆነውን ሁሉ ያየሁት ከሞላ ጎደል በዚያች ቴሌቪዥንና በስልኬ መስታወት፣ እሷ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

እትዬ ነው የምላት። እናታችን እኔን በወለደች በዓመቱ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም። ዲቪ ደርሷት እዚህ ስትገባ ቀድማ ያሰበችው ለእኔ ማመልከት ነበር፤ የወንድም ጉዳይ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ስመጣ ያገኘችልኝ ሥራና የያዘችልኝ ክፍል ይጠብቁኝ ነበር። ኋላ እኔ ሳገባና ቤት ስገዛ ደግሞ እሷን ይዤ ገባሁ።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው ወንበር የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤት ጣሪያ ሲሠሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ናቸው። እህቴን "ሲስተር" ይሏታል። ብርድ ልብሷ ሲንሸራተት የሚያዩት መጀመሪያ እሳቸው ናቸው፤ "የሲስተርን እግር ሸፍን እንጂ!" ብለው ይቆጡኛል።

መጋቢት ላይ የፒያሳ ሠፈሮች ሲፈርሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ከሰው ወደ ሰው ይዞር ነበር። እኛ ያደግንበት ዶሮ ማነቂያም ነበረበት። ለእሷ ላሳያት ወይስ አላሳያት ብዬ ስፈራ ስፈራ ራሷ ስልኬን ተቀበለችኝ። ስካቫተሩ የጭቃውን ግድግዳ ሲገፋው አየች። አንድ ጊዜ ብቻ አይታ መለሰችልኝና፣ "ሰዎቹስ የት ሄዱ?" ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ማሽኑ እስኪጨርስም አልገለጠችውም።

ፀሐይ የጨለመችበት ቀን ሰኞ ነበር። ዳላስ ግርዶሹ ሙሉ ሆኖ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ስለነበረች ሰው ከየስቴቱ ጎርፎ መጥቷል፤ ሆቴሉ ሁሉ ሞልቷል፤ ልጆቼ የወረቀት መነጽራቸውን ከሳምንት በፊት ጀምረው ትራሳቸው ሥር ነው የሚያሳድሩት። ጠዋት ደመና ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ገለጥ አለ። እህቴ ከማሽኑ ጋር ታስራለች። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ወደ ፓርኪንጉ ይወጡ ጀመር።

"ውጣና እይልኝ" አለችኝ።

"አንቺን ትቼ?"

"እኔ የት እሄዳለሁ? ውጣ!"

ወጣሁ። ብርሃኑ መጀመሪያ ቀዘቀዘ፤ እንደ ምሽት ሳይሆን እንደ ታማሚ ፊት ገረጣ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ጨለመ። የፓርኪንጉ መብራቶች ራሳቸው በሩ፤ ዛፍ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ዝም አሉ። አንዲት ነርስ ጮክ ብላ አለቀሰች። ቀና ስል ፀሐይ የነበረችበት ቦታ ላይ ዙሪያው በነጭ እሳት የተከበበ ጥቁር ነገር ተሰቅሏል። አማተብኩ። ደስታም ፍርሃትም ነበር፤ ይበልጥ ግን እሷ ሳታየው እያየሁት መሆኔ ውስጤን በላኝ።

ስመለስ መጋረጃው ተከፍቶ መስኮቱ ጨለማ ብቻ ያሳይ ነበር። ሽማግሌው ከት ብለው ይስቃሉ። "ሰባ ምናምን ዓመት እዚሁ ኖሬ፣ እግዜር ትርዒቱን ደጄ ድረስ ሲያመጣው እኔ እዚህ ታስሬ!" ይላሉ። እህቴም ትስቃለች። "ምን ይመስላል?" አለችኝ። ልነግራት ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ አውራ ጎዳናው በእንግዶች መኪና ተጨናንቆ አንድ ቦታ ቆምን። ያን ጊዜ ነው ያወጣሁት።

"እትዬ፣ የእኔን አንዱን ውሰጂ።"

"ምኑን?"

"ኩላሊቴን። ደማችን አንድ ዓይነት ነው። ጠይቄያለሁ፤ ሰው ባንድ ኩላሊት ይኖራል።"

 ከፊታችን ያለችው መኪና ትንሽ ፈቀቅ ስትል፣ "ተንቀሳቀስ፤ ከኋላ ጥሩምባ እያጮኹብህ ነው" አለች። ቤት ደርሰን ልትወርድ ስትል ክንዴን ያዘችኝ። "ሁለተኛ እንዳታነሳው። አንተን ያሳደግሁህ ሙሉ አድርጌ ነው።"

እኔ ግን አነሳሁት። ሚያዝያንም ግንቦትንም ደጋግሜ አነሳሁት። ለእሷ ሐኪም ነገርኩ፤ ሐኪሙ እሷ ካልፈቀደች ነገሩ አንድ እርምጃ እንደማይሄድ ነገረኝ።

ሰኔ ላይ ከተማው በቅርጫት ኳስ አበደ። የዳላስ ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ መኪናው ሁሉ ሰማያዊ ባንዲራ ሰክቷል። ሽማግሌው ማልያቸውን ከሸሚዛቸው በላይ ለብሰው ነው የሚመጡት። እህቴ ስለ ኳሱ ምንም ሳታውቅ እሳቸው ሲጮሁ አብራ ታጨበጭባለች፤ መርፌ በሌለበት እጇ ጭኗን እየመታች። ቡድኑ ተሸነፈ። ሽማግሌው ረቡዕ መጡ፤ ያለ ማልያ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ላጽናናቸው ብዬ ወሬ ጀመርኩ፤ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ሳላውቅ ስለ እህቴና ስለኔ ነገርኳቸው። ይደግፉኛል ብዬ ነበር።

"ልጄም እንዳንተ ብሎኝ ነበር" አሉኝ። "እምቢ አልኩት።"

"አይቆጭዎትም?"

"አይቆጨኝም። ዛሬም ቢጠይቀኝ እምቢ እለዋለሁ። ከልጅ አይወሰድም፤ ለልጅ ይሰጣል እንጂ።"

እህቴን እንግሊዝኛው አላመለጣትም። ወደኔ ሳትዞር፣ "ሰማህ?" አለችኝ በአማርኛ። ያን ቀን በሽማግሌው ተናደድኩ። ለብዙ ቀን ሰላምታዬ ከአንገት በላይ ሆነ።

ሐምሌ ከባድ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ተቀምጠን ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሰው መድረክ ላይ ሲተኮስበት አየን። ደም ጆሮው ላይ፣ ሰው መሬት ላይ። እህቴ ሪሞቱን ነጥቃ አጠፋችው፤ ልጆቹን ወደ ጓዳ ላከቻቸው። "ይህ አገርም እንዲህ ይሆናል?" አለች። በሳምንቱ ደግሞ በሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት ከውድድሩ ወጣ። ተሳፋሪዎቼ ከዚያ ሌላ ወሬ የላቸውም፤ እኔ ግን ብዙም አልሰማኋቸውም፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ጎፋ ላይ ተራራው ተናደ።

በማዕከሉ ቴሌቪዥን ላይ ለአፍታ ብልጭ ብሎ አለፈ። በስልኬ ከፍቼ አየነው። ቀይ አፈር ወንዝ መስሎ ወርዷል፤ ሰዎች በአካፋ፣ አካፋ ያጣው በጣቱ ይቆፍራል። የበዛው ሰው ያለቀው በመጀመሪያው ናዳ አልነበረም። ጎረቤቱን ሊያወጣ የሮጠው ሰው እየቆፈረ ሳለ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ ከላይ ደፈነው።

እህቴ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

"አየህ" አለችኝ። "ሊያወጡ የሄዱት ናቸው ያለቁት።"

"ታዲያ ባይሄዱ ይሻል ነበር?"

ስልኩን መለሰችልኝ።  "እናታቸው ብሆን አላስኬዳቸውም ነበር" አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ለመናገር አፌ አልከፈት አለኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሞቱት ጸሎት ሲደረግ እሷ ወንበር ይዛ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የኦሎምፒኩን የወንዶች ማራቶን ያየነው ተቀድቶ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጆቼ ውጤቱን አይተው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይቅበጠበጣሉ። የእኛው ልጅ ፓሪስን አቋርጦ ብቻውን ወደ ፊት ሲወጣ እህቴ ብድግ አለች፤ ብዙ መቆም አትችልም ነበር፤ ሶፋውን ተደግፋ ቆመች። መስመሩን ሲያልፍ እልል አለች። ከዚያ ጋዜጠኛው ሲናገር ሰማን፤ ሯጩ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ የቡድን ጓደኛው ስለተጎዳ ነው ቦታውን ያገኘው። ጓደኛው "አንተ ለዚህ ዝግጁ ነህ" ብሎ ነው የለቀቀለት። እህቴ ተቀምጣ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። አሁን ነው ብዬ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። 

ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ። የደሴ ልጅ ናት፤ ማታ ማታ ዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ትሠራለች። እህቴን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ነው የምትላት። "ኧረ ተዪ፣ አስረጀሽኝ" ብትባልም አልለወጠችም። በሁለቱ መካከል ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ያህል ቅርበትም አላየሁም። እህቴ በልቧ "ባሏን ልቆርስባት መስሏት ትጠላኛለች" ብላ ታስብ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

እንቁጣጣሽ የዋለው ረቡዕ፣ በእጥበት ቀን ነበር። ከማዕከሉ ስንመለስ እህቴ አቅሟ አልቆ ነበር፤ ደረጃውን ተሸክሜያት ነው ያወጣኋት ማለት ይቻላል። ባለቤቴ ለእሷ ለብቻዋ ጨው የሌለው ምግብ ሠርታ ጠብቃናለች። እህቴ አንድ ጉርሻ ቀምሳ ሰሃኑን ገፋ አደረገችው።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ባለቤቴ። "እኔ የምከለክለው መስሎዎት ነው?"

"ምኑን?"

"ያውቁታል።"

እህቴ ወደኔ አየች። እንድትናገር እኔ አልላክኋትም በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

"ልጆች አሏችሁ" አለች እህቴ። "እሱ አንድ ነገር ቢሆንብሽ እኔ በምን ፊቴ..."

ባለቤቴ ድንገት ተነሳች። "ይህን ሰው ማን አሳደገልኝ? አንቺ አይደለሽም? በሳምንት ሦስት ቀን ስትጠወልጊ ቆሞ እያየ እኔ የቀረኝን ባል እስቲ እይው! አይበላ፣ አይተኛ፣ ልጆቹን አያጫውት። አንቺ እምቢ ያልሽው ለእኔ ብለሽ ከሆነ ይቅርብኝ! ለእኔ አታስቢልኝ!"

 ባለቤቴ ያለችውን የሰማችው ዘግይታ ነው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ይቅርታ እትዬ... ይቅር ይበሉኝ... አንቺ አልኩዎት።"

 እህቴ የገፋችውን ሰሃን ወደ ራሷ መለሰችው።

"አንቺ በይኝ" አለች። "ደስ አለኝ። ይመርመር።"

በመስከረምና በጥቅምት ከአፖይንትመንት ወደ አፖይንትመንት ስሮጥ ከረምኩ። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ልቤን በማሽን አዩት፤ አንዲት ሴት ቁጭ አድርጋ "በግድ ነው ወይስ በፈቃድህ?" ብላ ጠየቀችኝ። እየሳቅሁ መለስኩላት። ብዙ ጊዜ ያላየሁት ዓይነት ብርታት ተሰምቶኝ ነበር።

በዚያው መሐል ሽማግሌው ቀሩ። አንድ ሰኞ ወንበራቸው ባዶ ነበር፤ ረቡዕም። ሠራተኞቹ የታማሚ ነገር አይናገሩም። ዓርብ ሌላ ሰው ተቀመጠበት። እህቴ ማሽኑን የምትገጥምላትን ቴክኒሻን በዓይኗ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ ዓይኗን ሰበረች፤ በቃ። የዘገየ ኀዘን ያዘኝ። ክፉ አልሠሩብኝም፤ የተናገሩት እውነታቸውን ነበር፤ እኔም ሳልሰነባበታቸው ቀረሁ።

ምርጫው ማክሰኞ ተካሄደ፤ በማግስቱ የማዕከሉ ግማሽ ወንበር ፈንጥዟል፤ ግማሹ አኩርፏል። ነርሷ ሁሉንም ቴሌቪዥን ድምፁን ዘጋችው። የእኔ ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ደጅ ወጥቼ አነሳሁ። ከሆስፒታሉ ናት፤ የለጋሾችን ጉዳይ የምትከታተለው ሴት። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ደሜ ውስጥ ስኳር ተገኝቷል፤ ጅምር አይደለም፣ ስኳር በሽታ ነው፤ ከእንግዲህ ለራሴ ሁለቱም ኩላሊቶቼ ያስፈልጉኛል። ስለ ቸርነቴ አመሰገነችኝ። "ኦኬ" አልኳት። 

ገብቼ ለእህቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ እውነተኛ ሳቅ። "አንተው ነህ በሽተኛው!" አለች። ተናደድኩባት። በዚህ ይሳቃል ወይ ልላት ስል ሳቋ ተለወጠ፤ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ሳበችና ከሥሩ ስታለቅስ ሰማኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳሩን ከአፌ የምትነጥቀው፣ እጥበት በሌለበት ቀን ጠዋት ቀስቅሳኝ ሠፈሩን የምታዞረኝ እሷ ናት። ስሟ ከሞተ ሰው ኩላሊት ከሚጠብቁት ጋር ተመዝግቧል። ይህን ስጽፍም ተራዋ አልደረሰም፤ ስልኳ ግን መቼም ባትሪ አይጨርስም።

በኅዳር አጋማሽ አርሊንግተን በሚገኘው ትልቅ ስታዲየም አንድ የቀድሞ ቡጢኛ፣ አያት የሚሆን ሰው፣ በኢንተርኔት ከታወቀ ወጣት ጋር ተፋለመ። ዓለም ሁሉ ያየው ነገር ነው። እኛ ሰኞ ዕለት በዚያች ቴሌቪዥን ቁራጩን አየን። ሽማግሌው ቢኖሩ ስንት ጊዜ ይጮሁ ነበር! ትልቁ ሰው ተሸነፈ፤ ግን እስከ መጨረሻው ደወል በእግሩ ቆመ፤ ወጣቱም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው። እህቴ፣ "እንዲህ ነው እንጂ" አለች።

ታኅሣሥ ገባ። አንድ ሰኞ ቴሌቪዥኑ ሶርያን ያሳያል። መንግሥቱ ወድቆ ሰዉ ወደ እስር ቤቶቹ ጎርፏል። የብረት በሮች ይሰበራሉ፤ ሴቶች ፎቶ ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል ይሮጣሉ፤ አንዱ ወለሉን በዶማ ይመታል፤ ከሥር ሰው አለ ብሎ። እህቴ አልጨፈነችም። እያየች፣ ድምፅዋ ሳይለወጥ፣ ትነግረኝ ጀመር።

አባታችን በደርግ ጊዜ መወሰዱን አውቅ ነበር። ያኔ እኔ ጡት ከጣልኩ ብዙም አልሆነኝም። እንዴት እንደሞተ ግን ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም ነግራኝ አታውቅም።

"በየቀኑ ስንቅ አደርስለት ነበር" አለች። "አንተን አዝዬ። ዘበኛው ስንቁን ተቀብሎ የትናንቱን ባዶ ዕቃ ይመልስልኛል። ባዶ ከሆነ በልቷል ማለት ነው፤ አለ ማለት ነው። አንድ ቀን ስሄድ ስንቁን አልተቀበለኝም። ኮቱንና ጫማውን ሰጠኝ። 'ከእንግዲህ አትድከሚ' አለኝ። ሌላ አንድ ቃል አልነገረኝም። ልብሱን ይዤ፣ አንተ ጀርባዬ ላይ ተኝተህ፣ ያመጣሁትን ምግብ እንዳለ ይዤ ተመለስኩ።"

ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት እናት በባዶ ክፍል መሐል ተቀምጣለች።

"በልጆችህ ያመካኘሁት ውሸት ነው" አለችኝ። "ሆስፒታሉ ውስጥ ለኦፕራሲዮን ሲያስገቡህ ነርሶቹ ልብስህን በላስቲክ አድርገው ለእኔ ይሰጡኛል። ይህን ነው የፈራሁት። የሰው ልብስ ይዤ ደጅ መቆም ሁለተኛ አልችልም ነበር።"

 ማሽኑ ጩኸቱን አሰማ፤ ጊዜው አልቋል። ቴክኒሻኗ መጥታ መርፌዎቹን ነቀለችና ፋሻውን እንድጫንላት ጓንት ሰጠችኝ። ደሙ እስኪቆም ድረስ ክንዷ ላይ መጫን ያስፈልጋል። ጣቶቼን አሳርፌ ያዝኳት። ከቆዳዋ ሥር ደሟ ሲሮጥ ይሰማኛል፤ ይነዝራል።

"ጠበቅ አርገው" አለችኝ። ጠበቅ አደረግሁት።